ምዕራፍ አራት፦ አንባቢን የሚቀበል ገጽ

በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም በብራና የተጻፉ ጥንታውያን ወንጌሎች አሉ። ብራናቸው በራዲዮካርቦን ሲመረመር አንደኛው ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ደግሞ ከ530 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። በዓለም ላይ ካሉት ባለሥዕል ወንጌሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው። በገጾቻቸው ላይ ወንጌላውያኑ ተሥለዋል። ከእነርሱ ጋር ግን ወንጌል ያልጻፈ አንድ ሰው አብሮ ይታያል፤ የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ።

አውሳብዮስ እዚያ ቦታ ያገኘው ለአንባቢ በሠራው ሥራ ነው። አራቱ ወንጌላት ብዙውን ታሪክ ይጋራሉ። አንዱን ታሪክ በማቴዎስ ያነበበ ሰው ሉቃስ ስለዚያው ነገር ምን እንዳለ ማየት ቢፈልግ መጽሐፉን ሁሉ ማገላበጥ ነበረበት። ዛሬ የምናውቀው የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ.። አውሳብዮስ የኖረው ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው፤ የሞተውም በ339 ገደማ ነው። ስለዚህ የራሱን ቁጥር አወጣ። ማቴዎስን በ355፣ ማርቆስን በ233፣ ሉቃስን በ342፣ ዮሐንስን በ232 ክፍል ከፈለ። ከዚያም ዐሥር ሠንጠረዦች አዘጋጀ። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም የሚተርኩት ገባ። በመካከለኞቹ ሦስቱ ወይም ሁለቱ የሚጋሩት፣ በዐሥረኛው ደግሞ እያንዳንዱ ወንጌል ለብቻው የያዘው ተመዘገበ።

አሠራሩን በአንድ ታሪክ እንየው። አንባቢው በማቴዎስ ወንጌል በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ስለጠገበው ሕዝብ እያነበበ ነው እንበል። በገጹ ጠርዝ ላይ ፻፵፯ የሚል ቁጥር ያያል፤ ከሥሩም በቀይ ቀለም ፩ ተጽፏል። ቀዩ ቁጥር «ወደ አንደኛው ሠንጠረዥ ሂድ» ማለቱ ነው። አንባቢው ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ተመልሶ በአንደኛው ሠንጠረዥ፣ በማቴዎስ ዓምድ ሥር ፻፵፯ን ይፈልጋል። በዚያው መስመር ላይ በማርቆስ ዓምድ ፷፬፣ በሉቃስ ፺፫፣ በዮሐንስ ፵፱ ተጽፎለታል። አሁን ሦስቱን ቦታዎች በየተራ መግለጥ ብቻ ነው የሚቀረው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አራቱን ምስክሮች ጎን ለጎን አቁሞ ይሰማል።

አውሳብዮስ ይህን ሁሉ ያደረገው ከወንጌሉ ቃል አንዲት እንኳ ሳያንቀሳቅስ ነው። ከእርሱ በፊት የእስክንድርያው አሞንዮስ ሌላ ዘዴ ሞክሮ ነበር። ማቴዎስን እንዳለ አስቀምጦ ከሌሎቹ ሦስቱ ተመሳሳዩን ክፍል እየቆረጠ ከጎኑ አኖረ። ለንጽጽር ጥሩ ነበር፤ ሆኖም የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ የራሳቸው ቅደም ተከተል ፈረሰ። ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ አልቀረለትም። አውሳብዮስ ይህን ለወዳጁ ለቀርጲያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያስረዳል፤ ሠንጠረዦቹ እንዴት እንደሚሠሩም ደረጃ በደረጃ ይነግረዋል። ደብዳቤው ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ ለብዙ ዘመን ሲገለበጥ ኖሯል። የመጽሐፍ አጠቃቀም መመሪያ ማለት ነው።

ሠዓሊዎቹ ደግሞ ሠንጠረዦቹን በደረቅ መስመር አላሰመሯቸውም። በዓምድና በቅስት ውስጥ አስገቧቸው፤ በላያቸውም ወፎችን አሳረፉ። በቁጥር የተሞላ ገጽ ዓይን እንዳይደክምበት መታሰቡ ይገርመኛል። ለአንባቢ መመሪያ የሚሆነው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው ክፍል ሆነ። የዘመናችን አሳታሚ ማውጫውን ወይም ጠቋሚውን የሚያየው እንደ ትርፍ ወረቀት ነው፤ ገጽ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚቆርጠውም እርሱን ነው።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። አንባቢን መቀበል ብዙ ጊዜ የአጻጻፍ ለዛ ብቻ ይመስለናል። «ውድ አንባቢያን» ብሎ መጀመርና ጣፋጭ ቃል መምረጥ ጥሩ ነው። አንባቢን ቤተኛ የሚያደርገው ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው፤ የት እንዳለ፣ የሚፈልገው የት እንደሚገኝ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥራ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሳይጽፍ በፊት አንድን አንባቢ በዓይነ ኅሊናው አይቷል። የእኛ የብራና ጸሐፍት በዚህ የተካኑ ነበሩ፤ ስለዚህ እነርሱ ዘንድ ትንሽ እንቆይ።

ከትንሿ ነገር ብንጀምር፣ ሁለት ነጥብ አለች። የጥንት ግሪኮች፣ በኋላም ሮማውያን፣ መጻሕፍታቸውን የሚጽፉት ቃል ከቃል ሳይለዩ፣ ፊደሉን እንዳለ አያይዘው ነበር። አንባቢው ቃሉ የት እንደሚያልቅ በራሱ ይፈታ ነበር። በላቲን ጽሑፍ ውስጥ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ መተው የተስፋፋው ላቲን የአፍ መፍቻቸው ባልሆነ በአየርላንድ መነኮሳት እጅ፣ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ቃልን ከቃል መለየት በድንጋይ ጽሑፍ ዘመን ጀምሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቀጥ ያለ ጭረት ያገለግል ነበር። በብራና ላይ ጭረቱ ሁለት ነጥብ ሆነ። ጸሐፊው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥንድ ነጥቦችን በመቃ ብዕር ያሰፍራል። ለራሱ አያስፈልጉትም፤ የሚጽፈውን ያውቀዋልና። ድካሙ ሁሉ ለሚመጣው አንባቢ ነው።

ቀዩ ቀለምም አለ። ጸሐፊው በጥቁር ይጽፍና ለቀዩ ቦታ ትቶ ያልፋል፤ በኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። የክፍል መጀመሪያ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ አንዳንዴም የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይወጣል። ይህ አክብሮት ነው፤ አገልግሎትም አለው። ቀዩን እያየ ገጽ የሚገልጥ ሰው የሚፈልገውን ክፍል ጽሑፉን ሳያነብ ያገኘዋል። ዋና ዋና ክፍሎች ሲጀምሩ በገጹ ራስ ላይ ሐረግ የሚባል ጌጥ ይሣላል። በአንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር ይሰፋል፤ መጽሐፉ ተዘግቶ ሳለ እንኳ ጣት ቦታውን ያውቃል።

መዝሙረ ዳዊት ግን ለብቻው ይታይ። ሌሎቹ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ፣ ትላልቆቹም በሦስት ሲጻፉ፣ ዳዊት በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ በየመስመሩ። ስንኙ ረዝሞ አልበቃ ካለ ጸሐፊው ፊደሉን ያሳንሳል፤ ወይም የተረፈውን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ጥግ ላይ ያስገባዋል እንጂ ወደ ሚቀጥለው መስመር አያወርደውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳዊት በዜማና በንባብ የሚደገም መጽሐፍ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ሕፃን ንባብ ከሚማርባቸው መጻሕፍት አንዱም እርሱ ነው። የዓይን ማረፊያና የትንፋሽ ማረፊያ አንድ ቦታ ላይ መዋል አለባቸው። በየዐሥሩ መዝሙር መካከልም በቀይና በጥቁር የተጌጠ መለያ ይደረጋል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 እያለ ሳምንቱን ከፍሎ ለሚጸልይ ሰው ይህ መለያ የዕለቱ ድርሻ የት እንደሚያቆም ወዲያው ያሳየዋል።

ስንክሳርም እንዲሁ ነው። የቅዱሳኑ ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል ወይም በስም ቢደረደር ለታሪክ ተመራማሪ ይመች ነበር። የተደረደረው ግን ከመስከረም 1 ጀምሮ በየዕለቱ ነው። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ማን ይታሰባል?» ለሚል ሰው የሚያውቀው ቀን ራሱ መክፈቻው ነው።

ማተሚያ ሲመጣ ጥቅሙም ጉዳቱም አብሮ መጣ። በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1548 ደግሞ ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ አያነቡም፤ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ደግሞ የማተም ሥራ አያውቁም ነበር። ተስፋ ጽዮን ይህን ደብቀው አላለፉም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢው ሁኔታውን ገልጸው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠየቁ። በባዕድ አገር፣ ሩቅ ላለ አንባቢ የተጻፈች ያች ጥቂት መስመር ከብዙ መቅድም ትበልጥብኛለች። አንባቢው ስሕተት ሲያገኝ የሚደናገረው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በማተሚያ ላይ ቀይና ጥቁር ማተም ማለት አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነበር። ውድ ነበር። ስለዚህ የጸሎት መጻሕፍት ቀዩን ይዘው ሲቆዩ ጋዜጣውና ዓለማዊው መጽሐፍ በጥቁር ብቻ ቀረ። ቀስ በቀስም ሁለት ነጥብ ለባዶ ቦታ ስፍራውን ለቀቀ። ቃል መለየቱን ባዶው ቦታ ተክቶታል። የቀዩን ሥራ የተካው ግን የለም። የላቲን ፊደል ስምን በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ፀሐይ ወጣች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ያየ አንባቢ ንጋት ይሁን ፀሐይ የምትባል ሴት ከቤት መውጣቷ ይሁን አያውቅም። ስሞቻችን አብዛኞቹ ትርጉም ያላቸው ናቸው፤ ተስፋ፣ ሰላም፣ አበበ፣ ከበደ። ጸሐፊ ይህን ካወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰውን መጀመሪያ ሲያስገባ ከማዕረጉ፣ ከአባቱ ስም ወይም ከሥራው ጋር ያስገባው። «ወይዘሮ ፀሐይ ወጣች» ካለ አንባቢው ወደ ኋላ አይመለስም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የጠቋሚው መጥፋት ነው። በአማርኛ የሚታተሙ የታሪክ፣ የሕግ፣ የግለ ታሪክ መጻሕፍት፣ አንዳንዶቹም ብዙ መቶ ገጽ ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻቸው የስምና የርእስ ጠቋሚ የላቸውም። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ጦርነት ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉን ሁሉ ማንበብ ወይም መተው ነው ምርጫው። የገሪማ ጸሐፍት ለአንባቢ የሰጡትን እኛ በኮምፒውተር ዘመን ነፈግነው።

እርግጥ የአማርኛ ጠቋሚ የራሱ ችግር አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ውሰዱ። ራሳቸው የኢትዮጵያን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው ያሳተሙ፣ ለአንባቢ የደከሙ ሰው ናቸው። ስማቸውን በጠቋሚ የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? አንዱ በሀ ይጽፋቸዋል፣ ሌላው በሐ፣ ሌላው በኀ። በፊደል ገበታው ላይ ሀ መጀመሪያ ነው፤ ሐ ከለ ቀጥሎ ይመጣል፤ ኀ ደግሞ ወርዶ ከቸ በኋላ ይገኛል። አንባቢው ሀ ላይ ፈልጎ ሲያጣ «የሉም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። በባዕድ ቋንቋ በተጻፉ መጻሕፍት ደግሞ አንዳንዴ በአባታቸው ስም ሁለተኛ ክፍል፣ «ሥላሴ» ሥር ይገኛሉ፤ እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም መሆኑን ያላወቀ ሰው ስለደረደረው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በአንድ ቦታ አጣምሮ መደርደር፤ ወይ ደግሞ «ህሩይ፦ ኅሩይን ይመልከቱ» የሚል መጠቆሚያ መስመር ማስገባት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የትኛው ፊደል ትክክል እንደሆነ መከራከር የሊቃውንት ድርሻ ነው፤ ሰውየውን ማግኘት ግን የሁሉም መብት ነው። ድርደራው እንዴት እንደሆነ በጠቋሚው ራስ ላይ በሁለት መስመር መጻፍም ይበቃል።

እዚህ ላይ «ለየትኛው አንባቢ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ድርደራው በተለመደው የፊደል ቅደም ተከተል፣ በሀለሐመ፣ አይደለም፤ በአበገደ ነው። ቃላቱም በመነሻ ግሣቸው ሥር ነው የሚገኙት። «መጽሐፍ»ን የሚፈልግ ሰው መ ላይ አያገኘውም፤ ጸሐፈ ሥር ነው። ሰዋስው ለተማረ ሰው ይህ ድንቅ ነው፤ አንዱን ግሥ ሲገልጥ ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ቦታ ያገኛል። ግሡን ለማያውቅ ጀማሪ ግን ቃሉን ለማግኘት አስቀድሞ ቃሉን ማወቅ ይኖርበታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ለቅኔና ለመጻሕፍት ቤት ሰው ነው የጻፉት፤ ለእርሱም የሚገባውን ሰጡት። ችግር የሚፈጠረው ጸሐፊ ለሊቅ የሚሆነውን ድርደራ ይዞ ለጀማሪ ጻፍኩ ሲል ነው።

አሁን ከመጽሐፍ ወጥተን አንድ ማስታወቂያ እናንብብ። ለምሳሌ እኔው ያዘጋጀሁት ነው፤ የመንግሥት ቢሮ የተመላለሰ ሰው ግን ቋንቋውን ያውቀዋል።

«ቀደም ሲል የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ይሰጠን በማለት ማመልከቻ አስገብታችሁ ማመልከቻችሁ ታይቶ የተሟላ ሰነድ ባለማቅረባችሁ ምክንያት ጉዳያችሁ በእንጥልጥል ላይ የሚገኝ ባለይዞታዎች ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 የሥራ ቀናት ውስጥ ቀሪ ሰነዶቻችሁን ይዛችሁ በአካል እንድትቀርቡ እየገለጽን ይህን ሳታደርጉ ብትቀሩ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ሰዋስዉ አይነቀፍም። ነገር ግን በበሩ ላይ ቆመው የሚያነቡትን አንዲት እናት አስቧቸው። ማወቅ የሚፈልጉት ጥቂት ነገር ነው፤ እኔን ይመለከታል ወይ? ምን ልያዝ? እስከ መቼ? ወዴት ልሂድ? አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ቀደም ሲል» ከሚለው ጀምረው «እናሳውቃለን» እስኪደርሱ ሁሉንም በልባቸው ተሸክመው ይጓዛሉ። ያን ሁሉ ተሸክመውም «ቀሪ ሰነዶች» የተባሉት ምን እንደሆኑ አልተነገራቸውም። 15 የሥራ ቀን ለመቁጠር ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ማወቅ አለባቸው፤ እርሱም አልተጻፈም። በጽሑፉ ውስጥ በደንብ የተብራራው የጽሕፈት ቤቱ ከኃላፊነት መዳን ብቻ ነው።

እንዲህ ቢጻፍስ?

«ካርታ ጠይቃችሁ ሰነድ ለጎደላችሁ ባለይዞታዎች። እስከ ኅዳር 20 ድረስ መስኮት 3 ቅረቡ። መታወቂያ፣ የግብር ደረሰኝና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። ደረሰኝ የጠፋባችሁ አስቀድማችሁ መስኮት 5 ጠይቁ። ከኅዳር 20 በኋላ የሚመጣ ሰው እንደገና ያመለክታል።»

አጥሯል፤ ዋናው ለውጥ ግን ማጠሩ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ባለጉዳዩን ከሌላው ሰው ለየ፤ የማይመለከተው ሰው ወዲያው መሄድ ይችላል። ቀኑ በስሙ ተጠራ። ደረሰኝ ለጠፋበትም መንገድ ተከፈተለት፤ ብዙ ማስታወቂያ የሚረሳው እርሱን ነው። ሁሉም ነገር የተሟላለት ሰው ብዙም አይቸገርም፤ ጽሑፍ በእውነት የሚያስፈልገው ላልተሟላለት ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ሰነዶቹን ለመዘርዘር መጀመሪያ ራሱ ተነሥቶ መጠየቅ ነበረበት። ረጅሙ ማስታወቂያ ግልጽ ያልሆነው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ይህን ስላላጣራ ነው፤ ያላጣራውን ደግሞ አንባቢው በእግሩ ያጣራዋል።

ጽሑፋችን አንባቢን መቀበል አለመቀበሉን የምናውቅበት ጥሩ መንገድ በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ውስጥ አለ። እዚያ ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ መምህሩ ይሰማል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች እየለየ እያንዳንዱን ቃል በሚገባው ድምፅ እስኪያወጣው ድረስ ያስደግመዋል። እኛ ቦታውን እንገልብጠው። የሚፈተነው ጽሑፉ ነው፤ አንባቢው አይደለም። የጻፋችሁትን ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ ሰው ስጡና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። እናንተ ሌላ ቅጂ ይዛችሁ ዝም በሉ። «እዚህ ላይ ለማለት የፈለግኩት» ብላችሁ እንዳታግዙት፤ መጽሐፉ ከእጃችሁ ሲወጣ ከአንባቢው ጎን አትቀመጡም።

አንባቢው ወደ ኋላ የተመለሰበትን፣ ትንፋሽ ያጠረበትን፣ ስምን እንደ ሌላ ቃል ያነበበበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሲጨርስ «ወደድከው ወይ?» አትበሉት፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ይልቅ በጽሑፉ ውስጥ ያለ አንድ ነገር እንዲፈልግላችሁ ጠይቁትና ጣቱ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከዚያ ለሌላ ሰው ስጡ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ያ ዓረፍተ ነገር ይፈርስና እንደገና ይጻፍ። የተጠየቁትን ሲፈልጉ ሁለቱም በተሳሳተ ገጽ ከጀመሩ ግን ዓረፍተ ነገር ማስተካከል አይበቃም፤ ንዑስ ርእሶቹን አውጥታችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ብቻቸውን ጻፏቸው፤ ጣታቸው በሄደበት አቅጣጫም ደርድሯቸው።